ለውጣችሁን የት ታስገባላችሁ? ኤዩአር፣ ሆምብሩ፣ ኒክስፓኬጅስ ወይስ ዴቢያን

በየቀኑ የምትጠቀሙበት አንድ ትንሽ ፕሮግራም አለ እንበል። ሠሪዎቹ አዲስ ቨርዥን ካወጡ ወር አልፏል። እናንተ ከምትጭኑበት የፓኬጅ ስብስብ (ለመጫን የተዘጋጁ ፕሮግራሞች መጋዘን) ውስጥ ግን ያለው አሁንም አሮጌው ነው። ወይም ጭራሹኑ የለም። «አንድ ሰው ያስገባው ይሆናል» ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ሌላውም እንዲሁ እያለ ይጠብቃል።

ያ አንድ ሰው እናንተ መሆን ትችላላችሁ። የማንም ልዩ ፈቃድ አያስፈልጋችሁም። የሚያስቸግረው የት እንደሚጀመር መምረጡ ነው። ስብስቦቹ ብዙ ናቸው (እዚህ የማነጻጽረው ኤዩአርን፣ ሆምብሩን፣ ኒክስፓኬጅስንና ዴቢያንን ነው)፣ የአንዱ ደንብ ከሌላው አይገጥምም። አንዱ ጋ በአሥር ደቂቃ የሚያልቀው ሌላው ጋ ወራት ይፈጃል።

ብዙ ጀማሪ ስሙ የገነነውን ይመርጣል። ወይም የሚቀለውን። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ከዓመት በኋላ ይህን ፓኬጅ ከዚሁ ስብስብ ጭናችሁ ትጠቀሙበታላችሁ ወይ? ማስገባቱ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አዲስ ቨርዥን ይወጣል። የሚንተራስበት ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) ይቀየራል። ትናንት ቢልድ ያደርግ የነበረው (ከኮዱ የሚሠራ ፕሮግራም ይወጣው የነበረው) ዛሬ እምቢ ይላል። ራሳችሁ የማትጠቀሙበትን ነገር ለመከታተል ልብ አይኖራችሁም። ቀስ በቀስ ትተዉታላችሁ። የተተወ ፓኬጅ ደግሞ ጭራሽ ካልገባው የሚብስበት ጊዜ አለ።

## መጀመሪያ ለውጡ የማን እንደሆነ ለዩ

ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ይህ ይቅደም። ልታስተካክሉት ያሰባችሁት ችግር የፕሮግራሙ ነው ወይስ የፓኬጁ? ኮዱን ከምንጩ ወስዶ ኮምፓይል ያደረገ ሁሉ የሚያጋጥመው ከሆነ ችግሩ የፕሮግራሙ ነው፤ ቦታውም የሠሪዎቹ ሪፖዚተሪ (የኮድ ማከማቻ) ነው። በሙያው ቋንቋ «አፕስትሪም» የሚባለው ይኸው ነው። የቨርዥኑ ማርጀት፣ የዲፔንደንሲ (ፕሮግራሙ የሚንተራስበት ሌላ ፓኬጅ) መጉደል፣ የፋይል ያለቦታው መቀመጥ፣ የማንዋል ገጹ አለመጫን ግን የስብስቡ ጉዳዮች ናቸው።

ይህን መለየት ለምን እንደሚጠቅም ከአንድ ታሪክ በላይ የሚያስረዳ የለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ዴቢያን ውስጥ ለምስጠራ በሚያገለግለው የኦፕንኤስኤስኤል ፓኬጅ ላይ ሁለት መስመር ኮድ እንዳይሠራ ተደረገ። ክፋት አልነበረበትም። ቫልግሪንድ የሚባለው የሜሞሪ መመርመሪያ በመስመሮቹ ላይ ማስጠንቀቂያ ያወጣ ነበር። ጉዳዩ በሠሪዎቹ የኢሜይል መድረክ ላይም ተነስቶ ነበር። ለውጡ ግን አፕስትሪም ገብቶ በሠሪዎቹ ዓይን አላለፈም፤ ዴቢያን ውስጥ ብቻ ቀረ። ከሁለቱ መስመሮች አንዱ የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫውን የሚመግብ ነበር። እሱ ሲቆም የምስጠራ ቁልፎቹን የሚለያያቸው የፕሮሰሱ ቁጥር (ማሽኑ ለሚሠራ ፕሮግራም የሚሰጠው ቁጥር) ብቻ ሆነ። ይህ ቁጥር ደግሞ ከ32,768 አይዘልም ነበር። ችግሩ ይፋ የሆነው በሜይ 2008 ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ገደማ በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ የተፈጠሩ ቁልፎች ተጥለው እንደገና መሠራት ነበረባቸው።

ስለዚህ የኮድ ማስተካከያ ካላችሁ አስቀድማችሁ ወደ አፕስትሪም ላኩት። ሠሪዎቹ አዲስ ቨርዥን እስኪያወጡ ስብስቡ ፓቹን (የማስተካከያ ፋይሉን) ለጊዜው ሊሸከመው ይችላል፤ አራቱም ስብስቦች ይህን ያውቁበታል። ከፓቹ ጎን አፕስትሪም የላካችሁበትን ሊንክ አስቀምጡ። ገምጋሚው ያንን ሊንክ ሲያይ ልቡ ያርፋል።

## ኤዩአር፦ በሩ ክፍት፣ ጠባቂ የሌለው

ኤዩአር የአርች ሊነክስ ተጠቃሚዎች የጋራ ሪፖዚተሪ ነው። አካውንት ትከፍታላችሁ፣ ማንነታችሁን የሚያረጋግጠውን የኤስኤስኤች ቁልፋችሁን ታስገባላችሁ፣ «ፒኬጂቢልድ» የሚባለውን የሼል ስክሪፕት ትጽፋላችሁ፣ ከእሱ የሚወጣውን የመረጃ ፋይል ጨምራችሁ በጊት (የኮድ ለውጥ መከታተያ) ፑሽ ታደርጋላችሁ (ትልካላችሁ)። አለቀ። ፓኬጁ ወዲያው ለሁሉም ይታያል። የሚገመግም ሰው የለም። የተጠናቀረ ባይነሪም (ዝግጁ ፕሮግራም) አይቀመጥም፤ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ስክሪፕቱን አውርዶ በራሱ ማሽን ላይ ነው ቢልድ የሚያደርገው።

ለመማር ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ፒኬጂቢልድ ሼል ለሚያነብ ሰው ግልጽ ነው። ስትሳሳቱ ተጠቃሚዎች አስተያየት ይጽፉላችኋል፣ ቨርዥኑ ሲያረጅም «ጊዜው አልፏል» የሚል ምልክት ያደርጉበታል። የአርች ዋናዎቹ ሪፖዚተሪዎች ውስጥ ያለን ፓኬጅ ደግሞ እዚህ መድገም አይፈቀድም፤ ያንን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

አደጋው ከዚያው ክፍት በር ይመጣል። ባለቤቱ የተወውን ፓኬጅ ማንኛውም ባለ አካውንት በራሱ ስም ሊወስደው ይችላል። በጁላይ 2018 አክሮሪድ የሚባለው የፒዲኤፍ ማንበቢያ ፓኬጅ እንዲህ ተወሰደ። ወሳጁ ስክሪፕቱ ውስጥ ሌላ ስክሪፕት ከኢንተርኔት እያወረደ የሚያስኬድ መስመር ጨመረበት። ቶሎ ተደርሶበት ተመለሰ። ግን ነገሩን አስቡት። ጫኞቹ የሚያውቁት የፓኬጁን ስም ነው። ከስሙ ጀርባ ያለው ሰው ሲቀየር የነገራቸው የለም።

አርች የምትጠቀሙ ከሆነ እንግዲህ አዲስ ፓኬጅ ከመፍጠር በፊት ማሽናችሁ ላይ ያለ፣ ባለቤት ያጣ ፓኬጅ ካለ እሱን ውሰዱ። ለሌሎችም ትልቅ ውለታ ነው።

## ሆምብሩ፦ ለአንድ ጊዜ ረዳት የተመቸ

ሆምብሩን ማክስ ሃወል በ2009 ለማክ ነው የጀመረው፤ ዛሬ ሊነክስ ላይም ይሠራል። የፓኬጁ መግለጫ «ፎርሙላ» ይባላል፣ የሚጻፈውም በሩቢ ነው። ቨርዥን ለማደስ አንድ ትእዛዝ ይበቃል፦ «ብሪው ባምፕ-ፎርሙላ-ፒአር»። አዲሱን ፋይል ያወርዳል፣ ሃሹን (ከፋይሉ ይዘት የሚወጣውን መለያ) ያሰላል፣ ፎርሙላውን ያስተካክላል፣ ፑል ሪኩዌስቱን («ለውጤ ይግባ» የሚለውን ጥያቄ) ራሱ ይከፍታል። ብዙ ፎርሙላዎችን ግን አሁን ቦት (አውቶማቲክ ፕሮግራም) በራሱ ያድሳቸዋል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ላለ ፓኬጅ በእጅ ለማደስ ብትሞክሩ ትእዛዙ ያስቆማችኋል።

አዲስ ፓኬጅ ሲሆን በሩ ይጠብባል። ሆምብሩ የታወቀ ሶፍትዌር ነው የሚፈልገው፤ መለኪያውንም በቁጥር አስቀምጦታል። ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ያለ ፕሮጀክት ቢያንስ 30 ፎርክ (ሌሎች የወሰዱት ቅጂ)፣ 30 ተከታታይ ወይም 75 ኮከብ ሊኖረው ይገባል። የራሳችሁን ፕሮግራም ራሳችሁ የምታቀርቡ ከሆነ ደግሞ ሦስት እጥፍ ይጠየቃል። ጀማሪ ፕሮጀክት ላለው ሰው ይህ ሊያሳዝን ይችላል። መውጫ ግን አለ፤ «ታፕ» የሚባለውን የራሳችሁን ሪፖዚተሪ ከፍታችሁ ማንንም ሳትጠይቁ ማሠራጨት ትችላላችሁ።

ፎርሙላ ስትጽፉ ቴስቱ ላይ ጊዜ ስጡ። ፕሮግራሙን ቨርዥኑን ጠይቆ መልሱን ማየት እንደ ቴስት አይቆጠርላችሁም። ትንሽ ፋይል ፈጥራችሁ ፕሮግራሙ በእውነት እንዲሠራባት አድርጉ።

መግቢያው ላይ ያነሳሁት ጥያቄ እዚህ ቤት ሌላ መልስ አለው። ሆምብሩ ውስጥ ፎርሙላ የግል ባለቤት የለውም። ሸክሙ የጠባቂዎቹ ቡድንና የቦቶቹ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር አስተካክላችሁ ወደ ሥራችሁ መመለስ ብቻ ከፈለጋችሁ፣ ከአራቱ ይህኛው ያለ ጸጸት ያሰናብታችኋል።

## ኒክስፓኬጅስ፦ ትልቁ መጋዘን

ኒክስ በ2003 ኤልኮ ዶልስትራ የጀመረው የምርምር ሥራ ነው። ዛሬ ኒክስፓኬጅስ ከ100,000 በላይ ፓኬጆችን በአንድ የጊት ሪፖዚተሪ ውስጥ ይዟል። ለውጥ የሚገባው በጊትሃብ ፑል ሪኩዌስት ነው። አዲስ ፓኬጅ በስሙ የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት በተከፋፈለው «ባይ-ኔም» ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ታዋቂነት አይጠየቅም። የሚጠየቀው ፓኬጁ እንዲሠራና የሚጠብቀው ሰው እንዲኖር ነው፤ ስማችሁን በሜይንቴይነሮች (ጠባቂዎች) ዝርዝር ውስጥ ታስገባላችሁ።

እዚህ ቤት ሁሉም ጀማሪ የሚወድቅባት አንዲት ጉድጓድ አለች። በዝርዝር ላሳያችሁ፤ አንድ ምሽት ሙሉ ወስዳብኛለች።

ፋይሉን ትከፍታላችሁ። ቨርዥን የሚለው መስመር ላይ 1.4.0 ይላል፤ 1.5.0 ታደርጉታላችሁ። ከሥሩ ረጅም ሃሽ አለ፣ አትነኩትም። ቢልድ ታደርጋላችሁ። ያልፋል! የፓኬጁ ስም 1.5.0 ይላል። ፕሮግራሙን ስታስኬዱት ግን አዲሱ አማራጭ የለም። ምን ሆነ? ኒክስ የወረደውን ኮድ የሚያውቀው በሃሹ ነው። ሃሹ የድሮው ከሆነ «ይህማ አለኝ» ብሎ ማሽናችሁ ላይ ያለውን የድሮውን ኮድ ይወስዳል። ኮዱን ከጊትሃብ የሚያወርዱት ፓኬጆች ላይ ይህ በዝምታ ነው የሚያልፈው። የሠራችሁት 1.4.0ን 1.5.0 የሚል ስም ማልበስ ብቻ ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቨርዥኑን ስትቀይሩ ሃሹን ባዶ አድርጉት። ቢልዱ ሆን ተብሎ ይወድቃል፣ ስህተቱም ሁለት መስመር ያሳያችኋል፤ አንዱ የተጻፈው ሃሽ፣ ሌላው በእውነት የተገኘው። የተገኘውን ገልብጣችሁ መልሳችሁ ለጥፉ። በረስት ወይም በጎ የተጻፈ ፕሮግራም ከሆነ የዲፔንደንሲዎቹ ሁለተኛ ሃሽ አለ። እሱንም ባዶ አድርጉት። ይቺን ሁለተኛዋን ብዙ ሰው ይረሳታል።

ኮሚቱ (ጊት ላይ የሚመዘገበው ለውጥ) ላይም ወግ አለ። የፓኬጁ ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ የድሮው ቨርዥን፣ ቀስት፣ አዲሱ ቨርዥን ይጻፋል፤ ለምሳሌ «1.4.0 -> 1.5.0»። አንድ ኮሚት አንድ ጉዳይ ብቻ ይይዛል። እኔ በመጀመሪያው ፑል ሪኩዌስቴ ላይ ቨርዥኑን ሳድስ የፋይሉን አቀማመጥ አብሬ «አሳምሬ» ነበር። ገምጋሚው በትህትና ለያይልኝ አለኝ። ልክ ነበር። ሃምሳ መስመር ተቀይሮ ሲያይ ዋናዋ ለውጥ የትኛዋ እንደሆነች በምን ያውቃል?

ከመላካችሁ በፊት «ኒክስፓኬጅስ-ሪቪው» የሚባለውን መሣሪያ አስኪዱ። በለውጣችሁ የሚነኩትን ፓኬጆች ሁሉ ማሽናችሁ ላይ ቢልድ ያደርጋል። የነካችሁት ብዙ ፓኬጅ የሚንተራስበት ላይብረሪ ከሆነ ግን ለውጡ የሚሄደው ወደ ዋናው ብራንች (የኮዱ ቅርንጫፍ) አይደለም፤ «ስቴጂንግ» ወደሚባለው ነው። አለዚያ የቢልድ ሰርቨሮቹ እጅግ ብዙ ነገር እንደ አዲስ መሥራት ይኖርባቸዋል።

የኒክስፓኬጅስ ትልቁ ችግር ወረፋው ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ክፍት ፑል ሪኩዌስቶች አሉ፣ ገምጋሚው ከሥራው አንጻር ጥቂት ነው። አንዳንዴ በአንድ ቀን ይገባላችኋል፣ አንዳንዴ ወር ተቀምጦ ማንም አያየውም። ይህ እናንተን መናቅ አይደለም። ወረፋውን ማሳጠር ለሚፈልግ ሰው ጥሩ የመጀመሪያ ሥራ አለ። ቦቱ በየቀኑ የቨርዥን ማደሻ ፑል ሪኩዌስቶችን ይከፍታል። ከእነሱ የምታውቁትን ፕሮግራም ምረጡና ቢልድ አድርጋችሁ፣ አስኪዳችሁ፣ ያያችሁትን ጻፉ። «በዚህ ማሽን ሞከርኩት፣ ይህንና ያንን ትእዛዝ አስኬድኩ፣ ሠርቷል» የሚል ሦስት መስመር ካልተሞከረ አዲስ ፑል ሪኩዌስት ይልቅ ይጠቅማል።

## ዴቢያን፦ ረጅሙ መንገድ

ዴቢያን ከ1993 ጀምሮ ያለ ፕሮጀክት ነው። መንገዱ ከሁሉም ይረዝማል። አዲስ ፓኬጅ ለማስገባት በመጀመሪያ «ልሠራው አስቤያለሁ» የሚል ሪፖርት በባግ (የስህተት) መዝገቡ ላይ ትከፍታላችሁ። ይህም ሁለት ሰው አንድ ሥራ እንዳይደግም ነው። ከዚያ ፓኬጁን ትሠራላችሁ፣ ሊንቲያን በሚባለው መመርመሪያ ታሳልፉታላችሁ፣ ስፖንሰር ትፈልጋላችሁ። ስፖንሰሩ የዴቢያን ዴቨሎፐር ነው፤ ሥራችሁን አይቶ በራሱ ፊርማ የሚጭንላችሁ እሱ ነው። ከዚያም አዲስ ፓኬጆች የሚቆሙበት ወረፋ አለ። እዚያ ያሉት ሰዎች በተለይ ላይሰንሱን (የአጠቃቀም ፈቃዱን) ያያሉ። እያንዳንዱ ፋይል የማን እንደሆነና በምን ላይሰንስ እንደተሰጠ በኮፒራይት ፋይሉ ውስጥ መጻፍ አለበት። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው። ግን ዴቢያን «ይህ ነጻ ሶፍትዌር ነው» ሲል ሰው የሚያምነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዝግታው ምን እንደሚጠቅም በማርች 2024 ታየ። ኤክስዜድ የሚባለው የፋይል መጭመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ ተንኮል ተቀብሮ ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ነው፤ በኤስኤስኤች መግባት ከወትሮው ትንሽ ዘገየበትና ምክንያቱን ሲፈልግ ደረሰበት። ተንኮሉን የሚያስነሳው መስመር ጊት ላይ አልነበረም፣ ለማውረድ በተዘጋጀው የታሸገ ፋይል ውስጥ ብቻ ነበር። የተበከለው ቨርዥን ቶሎ የሚታደሱ በርካታ ስብስቦች ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የዴቢያን የሙከራ ቅርንጫፎችም ውስጥ እንዲሁ። የተረጋጋው ዴቢያን ግን አልደረሰበትም። ስለዚህ የትኛውም ስብስብ ውስጥ ገምጋሚ «ይህ ፋይል ከየት ነው የወረደው? ለምን ከጊት ታጉ አልወሰድከውም?» ቢላችሁ ቅር አይበላችሁ።

ለዴቢያን የምመክረው በአዲስ ፓኬጅ አለመጀመር ነው። «ደብሊውኤንፒፒ-አለርት» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ዴቭስክሪፕትስ ከሚባለው ፓኬጅ ጋር ይመጣል። ማሽናችሁ ላይ ከተጫኑት ፓኬጆች ባለቤት ያጡትንና ረዳት የሚፈልጉትን ይዘረዝርላችኋል። መጀመሪያ ያስኬደው ሰው ብዙ ጊዜ ይደነግጣል። ዕለት ዕለት የሚጠቀምበት ነገር ጠባቂ እንደሌለው ያያል። ከዚያ አንዱን ምረጡ። የቋንቋ ቡድኖችም አሉ፤ የፓይተን፣ የፐርል፣ የጎ። ቡድን ውስጥ ስፖንሰር ማግኘት ለብቻ ከመለመን በጣም ይቀላል። ሳልሳ የሚባለው ጊትላባቸው (የኮድ ማከማቻ ድረ ገጻቸው) ላይ መርጅ ሪኩዌስት (የፑል ሪኩዌስት አቻ) መክፈት ይቻላል፤ ብዙ ነባር ሜይንቴይነር ግን ባግ መዝገቡንና ኢሜይሉን ነው ቀድሞ የሚያየው። ስለዚህ ፓቻችሁን ባጉ ላይ ማያያዝ አትርሱ።

ትዕግስት ላለው ሰው የሚገኘው ፍሬም ሰፊ ነው። ዴቢያን የገባ ፓኬጅ ወደ ኡቡንቱና ወደ ሌሎች ተወላጆቹ ይፈስሳል።

## ሌሎቹን በአጭሩ

የሳይንስና የዳታ ሰዎች ከሆናችሁ ኮንዳ-ፎርጅን እዩ። ሬሲፒያችሁ (የፓኬጁ መግለጫ) አንዴ ከጸደቀ የራሱ ሪፖዚተሪ ይፈጠርለታል፣ አዲስ ቨርዥን ሲወጣም ቦት ያመጣላችኋል። ጊክስ ስኪም የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለሚወዱና በነጻ ሶፍትዌር መርህ ለሚጸኑ ነው፤ ለዓመታት ፓች የሚቀበለው በኢሜይል ነበር፣ በ2025 ኮድበርግ ወደሚባለው የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ ተዛውሯል። ፌዶራ ልክ እንደ ዴቢያን ለጀማሪ ስፖንሰር ይጠይቃል።

## ታዲያ የቱን?

ማክ ላይ የምትሠሩ፣ አንዲት የቨርዥን ማደስ ብቻ ያላችሁ፣ ሆምብሩ። ፕሮግራሙ ገና አዲስ ከሆነና የሚያውቀው ሰው ጥቂት ከሆነ ኒክስፓኬጅስ ወይም ኤዩአር፤ ከሁለቱ እኔ ኒክስፓኬጅስን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ሌላ ዓይን ያየዋል። ሼል ብቻ የምታውቁና እጃችሁን ማፍታታት የምትፈልጉ አርች ተጠቃሚዎች ኤዩአር ይበቃችኋል። ሰርቨር ላይ ለዓመታት ሳይነካ እንዲሠራ የምትፈልጉት ነገር ካለ ዴቢያን፣ ረጅሙን መንገድ ተቀብላችሁ።

የትም ብትሄዱ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የፓኬጁን ስም በክፍትና በተዘጉ ፑል ሪኩዌስቶች ውስጥ ፈልጉ። ሌላ ሰው ጀምሮት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቀድሞ ተሞክሮ በምክንያት ተመልሶ ይሆናል። ከላካችሁ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ዝም ከተባላችሁ አንድ አጭር፣ ትሁት ማስታወሻ ጻፉ። በየቀኑ መጎትጎት ግን ገምጋሚን ያርቃል።

መሄጃውንም ከወዲሁ እወቁት። ኑሮ ይለወጣል፣ ፕሮግራሙንም መጠቀም ልታቆሙ ትችላላችሁ። ኒክስፓኬጅስ ላይ ስማችሁን ከሜይንቴይነሮች መስመር የሚያወጣ ትንሽ ፑል ሪኩዌስት ይበቃል። ዴቢያን ላይ ፓኬጁ ባለቤት ማጣቱን የሚገልጽ ባግ ትከፍታላችሁ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ ሌላው ያየዋል። ኤዩአር ላይ ለመተው አንድ ቁልፍ መጫን በቂ ነው። እሱን ከመጫናችሁ በፊት ግን አስተያየት ሲሰጡ ከምታውቋቸው ተጠቃሚዎች አንዱን አነጋግሩና አብሮ ጠባቂ አድርጉት።